ለኮርኒሱ የተነበበ መጽሐፍ

ሃያ ሁለት ማዞሪያ ጀርባ ትንሽ ሱቅ ያለው አብዱልናስር፣ ልጁን ሙነወርን ወሎ አያቱ ዘንድ ልኬዋለሁ ብሎ ለመንደሩ ሁሉ ተናግሯል። ውሸቱን ነው። ሙነወር ከሱቁ በላይ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ተጋድሞ ነው የከረመው። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት፣ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ሳይቀር፣ ሲታፈስ ጊዜ እዚያ ሰቀለው። የታፈሰው ወደ ሰሜን ይጫናል፤ የተጫነው ደግሞ… እሱን እንኳ ተዉት። አብዱልናስር ሚስቱን ቀብሯል፤ አንድ ልጁን ለማንም አይሰጥም።

ቀን ቀን መገላበጥ የለ፣ መሳል የለ። ሰው እንዴት እንዲህ ይኖራል? ልጁ እየደበዘዘ ሄደ። ሱቁ ተዘግቶ ሲወርድ በሹክሹክታ፣ “አባ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?” ይላል፤ ይነገረውና እንደገና ይጠይቃል።

መጽሐፉ የመጣው ያን ሰሞን ነው፤ በርበሬና ጨው ሊጠቀለልበት በኪሎ ከተገዛ ወረቀት ጋር። ሽፋን እንኳ የለውም። አብዱልናስር ከመሠረተ ትምህርት ይዞት የወጣው የራሱን ስም ብቻ ስለሆነ፣ ለእሱ ወረቀት ሁሉ ወረቀት ነው። ጨው ልትገዛ የመጣችው ወርቅዬ ግን ከእጁ ነጠቀችው። “ጋሼ፣ ይሄ እኮ የምርመራ ታሪክ ነው። መርማሪዋ ደግሞ እንደኔ ትንሽ ልጅ ናት።”

ወርቅዬ ማለት የብርሃኑ ልጅ ናት። ብርሃኑ ደግሞ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው፤ ወጣቱን ከየቤቱ የሚለቅመው እሱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጨውዋን አስይዞ ቶሎ ይሸኛት ነበር። አብዱልናስር ግን ኮርኒሱን አሰበና፣ “እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፣ ጆሮዬ ደክሟል” አላት። የአባት አንጀት መቼ ያስችላል።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምስሩ ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ ታነባለች። ፀሐይ በበሩ ገብታ የዱቄቱን ብናኝ ታበራዋለች። ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን ቆርቆሮውን አንቀጥቅጦ ያልፍና የልጅቷ ድምፅ ብቻ ይቀራል። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰዓት ሠሪ ጠፍቷል፤ ትንሿ መርማሪ በየጓዳው ትፈልገዋለች፣ አዋቂው ሁሉ ይስቅባታል። አብዱልናስር ሚዛኑን አንጠልጥሎ ይቀራል። ገበያተኛውም የመጣበትን ረስቶ ይቆማል። ሙነወር ሲወርድ ዓይኑ በርቶ፣ “አባ፣ ሰውየው የት ያለ ይመስልሃል?” ይላል። ቀኑን መጠየቅ ተወ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ ወርቅዬ ገጽ ገለጠችና ማንበቧን አቆመች። መጽሐፉ አልቋል፤ ታሪኩ ግን አላለቀም። ባለሱቅ ወረቀት የሚቀድደው ከኋላ ነዋ። ልጅቷ ከመድረሷ በፊት አብዱልናስር መጨረሻውን በበርበሬ ጠቅልሎ ለመንደሩ አድሎታል።

“ታዲያ ሰውየው የት እንደገባ ሳናውቅ ልንቀር ነው?” አለ፣ የምሩን አዝኖ።

“እኔ አውቄዋለሁ” አለች ወርቅዬ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ከድና። “መርማሪዋ የጠረጠረችው ጎረቤቷን ነው። ጆሮዬ ደክሟል ይላታል፤ ከረሜላ ስጠኝ ብላ ስታንሾካሹክ ግን ይሰማል። ብቻውን ነው የሚኖረው፤ በረመዳን ግን ለማፍጠሪያ የሁለት ሰው ቴምር ያስቀምጣል።”

አብዱልናስር መደርደሪያውን ተደግፎ ቆመ። ሚስቱ የሞተች ዕለት እንኳ እንዲህ አልፈራም።

“ለማን ነገረች?”

“ለማንም።”

“ለአባቷስ?”

ወርቅዬ ጫማዋን አየች። “አባቷን ትወደዋለች። ማታ ምን ስትሠሪ ዋልሽ ሲላት ሁሉንም ትነግረዋለች። ይቺን ብቻ አልነገረችውም።” ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለኮርኒሱ ተናገረች። “ሰውየው አልተያዘም። መጨረሻው እንደዚህ ነው።”

ልጅቷ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። “ሌላ መጽሐፍ ልፈልግ?”

አብዱልናስር መልስ ሳይሰጣት፣ “ፈልጊ” የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

ልጁ ከሹክሹክታ በላይ ሲናገር ከሰማ ስንት ጊዜው። ያ የሚያውቀው የልጅነት ድምፅ የለም። እዚያ ጣሪያ ሥር እንደተጋደመ ጎርንኖ፣ አባቱ ሳይሰማው የጎልማሳ ድምፅ ሆኗል።