አበጀና የክበቡ ፍሪጅ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቃሎ ሲታይ ስንት ይሆናል? ያረሰው እርሻ፣ ያሳደገው ልጅ ሁሉ ተደምሮ ነው? ወይስ አንድ እሑድ ጠዋት በሰው ፊት ቆሞ የተናገራት አንዲት ቃል ሌላውን ሁሉ ትውጠዋለች? የንፋስ መውጫው አበጀ ዲያቆን ሆኖ አገልግሏል፤ ገበሬም ሆኖ ልጆች አሳድጓል። ከተማው ግን የሚያውቀው በፍሪጅ ነው።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ቀበሌው በአንድ በተወረሰ ቤት የመዝናኛ ክበብ ከፍቶ አበጀን አስተናጋጅ አድርጎ ቀጠረው። ፍሪጁ በጭነት መኪና ተጭኖ የገባ ዕለት ሰው እንደ ሙሽራ ወጥቶ ተቀበለው። የከተማው ጄኔሬተር አመሻሽ ላይ ሲነሣ ፍሪጁም ያጉረመርማል፤ በሩ ሲከፈት ሆዱ ውስጥ ብርሃን ቦግ ይላል። አበጀን ቅዝቃዜው አልደነቀውም፤ ብርድ በጋይንት መቼ ብርቅ ሆኖ ያውቃል! ግራ ያጋባው ብርሃኑ ነው። በሩ ሲዘጋ የት ይገባል?

"ራሱ ይጠፋል" አለው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታፈረ።

"ማን አይቶት?"

"ማየት ምን ያደርግልሃል? ሳይንስ ነው!"

አበጀ በዚህ ሊረጋ አልቻለም። በልጅነቱ እዚያው ጋይንት በቤተ ልሔም በኩል፣ በአንዲት የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል፣ መሪጌታው ከዜማው አስቀድመው ያስተማሩት ይህን ነበር፦ ቅዳሴ ሲያልቅ ጧፉን በእርጥብ ጣት ታፍናለህ፤ ክሩ መቀዝቀዙን ዳብሰህ ታረጋግጣለህ፤ በር የምትዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ሣር ክዳን ባለበት አገር ብርሃን ትቶ በር የዘጋ ዲያቆን ምን ዓይነት ዲያቆን ነው?

እናም በፍሪጁ በር ጥግ የጣት ጫፍ የምታህል ነጭ ቁልፍ አገኘ። ሲጫናት ብርሃኑ ድርግም ይላል። ከዚያ ወዲያ ክበቡን ሊዘጋ ሲል ቁልፏን ተጭኖ፣ ጨለማውን በዓይኑ አይቶ፣ በሩን እስከ ጣቱ ድረስ ያመጣና ጣቱን መንጭቆ ያወጣል። አንዳንዴ ጥፍሩን ይይዘዋል። እሱስ ግድ የለም። ጣቱ ከወጣ በኋላ፣ በሩ ገና ሳይገጥም፣ በመካከል ባለችው ቅጽበት ውስጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ አለመቻሉ ነው ያስጨነቀው። ሚስቱን ካሰችን አማከራት።

"አንተ ሰውዬ፣ ገብሱን አረም ውጦት ይሄ ይበልጥብሃል?"

"የማይታይ ነገር መሆን አለመሆኑ በምን ይታወቃል ብዬ ነው እንጂ።"

"እኔ ገበያ ስሄድ አንተን አላይህም፤ ቁጭ ብለህ እንደምትውል ግን አውቃለሁ። አርፈህ እራትህን ብላ!"

ከአውራጃ እንግዶች መጥተው በሄዱ ማግስት ፍሪጁ ሲከፈት ውስጡ ጨለማ ሆኖ ተገኘ። ቅዝቃዜው እንዳለ ነው፤ ማጉረምረሙም አልቀረም። ጓድ ታፈረ አምፖሉን አስቀየረ፤ አዲሱም አልበራ። አዲስ አምፖል እንቢ ካለ በዚያ ዘመን የሚሰጠው ስም አንድ ነው፦ አሻጥር።

እሑድ ጠዋት፣ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ሳያበቃ ስብሰባ ተጠራ። "ፍሪጁን የነካ ይናገር" ተባለ። አበጀ ማንም ሳያስፈራራው ብድግ አለ።

"ቁልፏን በየምሽቱ በጣቴ የምጫናት እኔ ነኝ።"

"ማን አዘዘህ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን?"

"በብርሃን ላይ በር እንዳልዘጋ ብዬ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። "ቀድሶ ነዋ የሚዘጋው!" አለ አንዱ ከኋላ። "እትዉ በሰላም ብለህ አሰናብተው እንጂ!" አለ ሌላው። ጓድ ታፈረ ግን አልሳቀም። "በሕዝብ ንብረት ላይ እጁን ማሳረፉን በራሱ አንደበት ነግሮናል" አለ። አበጀ አሻጥረኛ ተብሎ ከክበቡ ተባረረ።

ጣቱን እያየ ወደ ቤቱ ሄደ። አድርጎት ይሆን? ሰው ያሰበውን ያውቃል፤ ያሰበው ነገር ከተዘጋ በር ወዲያ ምን ሆኖ እንደቀረ ግን ማን ይነግረዋል? በገበያ "አሻጥር መጣ" ይሉት ጀመር። ሴት ልጁን አዲስዓለምን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌ ልከው የነበሩ ሰዎች ዝም ብለው ቀሩ።

ክረምቱ ሲወጣ ጥጋቡ የሚባል መብራት ሠራተኛ ከደብረ ታቦር መጣ። አበጀ ከክበቡ ደጃፍ ቆሞ አየ። ቁልፏ ወደ ውስጥ ገብታ ተጣብቃለች። ጥጋቡ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ሲያሻት እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር ለቀቀ፤ ቁልፏ ጠቅ ብላ ወጣች፤ ብርሃኑ ቦግ አለ።

"ለስላሳ ፈሶባት ነው። ስኳሩ ይዟት" አለ።

ማን እንዳፈሰሰው ያላየ ሰው አልነበረም። እንግዶቹ የመጡ ለት ጓድ ታፈረ ጠርሙሱን እዚያው የፍሪጁ በር ላይ ከፍቶት፣ ገንፍሎ እጁንም በሩንም አጥቦት ነበር።

"የኔስ ጣት?" አለ አበጀ።

"አባቴ፣ ለመጫን እኮ ነው የተሠራችው። በሩም ሲዘጋ የሚያደርገው ያንኑ እርስዎ የሚያደርጉትን ነው።"

አበጀ ጎንበስ ብሎ ቁልፏን አየ። ለካ በሩ ራሱ ዲያቆን ኖሯል!

አብሮ ቆሞ ያይ የነበረው ጓድ ታፈረ ወደ አበጀ ዞረ። "በቃ፣ ከነገ ጀምረህ ሥራህ ግባ።"

"ሥራውን አልጠየቅሁም፣ ጓድ ሊቀመንበር። የዚያን እሑድ ሰው አንድ ጊዜ ሰብስበው 'ከአበጀ አልነበረም' ይበሉልኝ።"

"ለአምፖል ሕዝብ አይሰበሰብም።"

"ያን ለት ለምን ነበር የተሰበሰበው?"

አበጀ ስብሰባው ለብቻው ካልተጠራ በሌላ ስብሰባ መጨረሻ፣ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ውስጥ አንዲት ቃል ትግባልኝ አለ። ከታፈረ ቀጥለው የመጡትንም ሊቀመንበሮች እንዲሁ ለመነ። "ይገባል፣ ይገባል" ይሉታል። እሱም በየስብሰባው ይሄድና ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። መዋጮው ይነበባል፣ ምልመላው ይነገራል፣ መፈክሩ ይባላል፤ ልዩ ልዩ ላይ ሳይደረስ ሰው ይበተናል።