ከጀርባችን የመጣው ዝናብ

ዛሬ ለተማሪዎቼ በስልኬ ላይ አንድ ካርታ አሳየኋቸው፤ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተነሳ አውሎ ነፋስ፣ ከፊቱም እንደ ማራገቢያ እየሰፋ የሚሄድ ነጭ ጥላ። ጥላው የሚሰፋው ነፋሱ ስለሚያድግ ሳይሆን፣ ርቆ በሄደ ቁጥር የሚያልፍበትን ቦታ ማወቅ ስለሚያዳግት መሆኑን እያስረዳሁ ሳለ፣ ውጭ ካፊያ ጣል አደረገና የእርጥብ ጭድ ሽታ በመስኮቱ ገባ። የጀመርኩትን ሳልጨርስ ቀረሁ።

ያ ሽታ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ወዳለችው መንደራችን፣ ወደ አንድ የልጅነት ኅዳር ወሰደኝ። ጤፉ ታጭዶ ማሳው ላይ እንደተኛ፣ ሬዲዮኑ ከባሕር የተነሳ አውሎ ነፋስ ወደ አገራችን ዝናብ ሊገፋ እንደሚችል፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን እንዳልታወቀ ተናገረ። ለማያውቅ ላስረዳ፦ የታጨደ ጤፍ በጊዜ ካልተከመረና ዝናብ ካገኘው ፍሬው ይረግፋል፣ የቀረውም ይበሰብሳል፤ የዓመት ቀለብ አለቀ ማለት ነው።

ክምር የሚሠራው በወንፈል፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ በየተራ የአንዱን ማሳ እየጨረሰ ነበር። የዚያን ዕለት ተራው ቁርኣን የሚያስቀሩት የጎረቤታችን የሸህ ይማም ነው። የእሳቸው ማሳ በምሥራቅ ከኮረብታው ሥር፣ የእኛ ደግሞ በምዕራብ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። በእኛ አገር ዝናብ የሚመጣው ከዓባይ በረሃ በኩል ስለሆነ የሁሉም ዓይን ገደሉ ላይ ተተከለ፤ ከዚያ ቀጭን ደመና ብቅ ሲል የቄሱ አባቴ ፊት አመድ መሰለ።

«ቄሴ፣ በሉ መጀመሪያ የእርስዎን!» አሉ ሸህ ይማም።

«ተራው የእርስዎ አይደል እንዴ?»

«ደመናው ይህን መች ሰማ! የእኔ ጋ እስኪደርስ እኔ ዱዓ አደርስበታለሁ።»

ሴቱም ወንዱም ነዶ ተሸክሞ እየሮጠ፣ አንገቱን ወደ ዓባይ እያሰገገ፣ ነፋሱ እየበረታ፣ ክምሩ ከፍ ከፍ አለ። ጫፉ እንደተከደነ ጀርባችንን በረደን። ዞር ስንል ኮረብታው የለም፤ ዝናብ መጥቶ በማያውቅበት በኩል ጥቁር ደመና ውጦታል። የሸሁ ማሳ ጋ ስንደርስ ጤፉ በጎርፍ ላይ ተንሳፏል።

ሸህ ይማም ከጢማቸው ውኃ እየተንጠባጠበ ሳቁ። «ሬዲዮኑስ ከባሕር ብሎን ነበር፤ ባሕሩ በየት በኩል ነው ያለ ሰው ጠፋ እንጂ!»

እኔ ጂኦግራፊ ማስተማር የጀመርኩት ያኔ ይመስለኛል። በውቂያ ጊዜ አባቴ የሸሁን በሬዎች አስመጥተው በእኛ አውድማ አብረው አበራዩ፣ እህሉም ለሁለት ተከፍሎ በእኛም በሸሁም ቤት ገባ።

ከክፍል ስወጣ ካርታውን ዛሬ የአባቴን መሬት ለሚያርሰው ወንድሜ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። ቀድሞ አይቶት ኖሮ የራሱን ጤፍ ከምሮ ጨርሷል።

«የሸህ ይማም ልጅስ ጤፉን ከመረ?» አልኩት።



«እሱም ስልክ አለው እኮ» አለኝ።