የሰሚራ ሰርግ እንግዶች የት ያድራሉ?

ሐሙስ ጠዋት፣ ቦሌ

እናቴ ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ "ዘይነባ ሄዳ ታየዋለች። ይሆናል ካለች እመጣለሁ። አይሆንም ካለች፣ ሙሽሪትን እዚያው ያሉት ይዳሯት።" ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ከአክስቴ ከዘይነባ ጋር ቦሌ ተሰልፌ ነበር።

እህቴ ሰሚራ አሶሳ ውስጥ አስተማሪ ናት። ተመድባ የሄደች ጊዜ "አንድ ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ" ብላን ነበር። አልተዛወረችም። ኢብራሂም ከሚባል የአሶሳ ልጅ፣ ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተዋወቀች። ወላጆቹ በርታዎች ናቸው፤ ከመንጌ ድረስ ለሽምግልና ኮልፌ ቤታችን መጥተው በልተው ጠጥተው ተመርቀው ሄደዋል። እስከዚያ ድረስ ሰላም ነበር። ችግሩ የመጣው ሰሚራ "ሰርጉ የምኖርበት ቦታ ይሁን" ስትል ነው። እናቴ የአገሪቱ ጫፍ፣ የሙቀትና የትንኝ አገር ብላ ደመደመች። እናቴ ካልሄደች ደግሞ ከዘመዶቻችን አንድም ሰው ንቅንቅ አይልም።

እኔ የምሄደው አቅድ ተብዬ ነው። እንግዶቹ ከዓርብ እስከ እሑድ ምን ያያሉ፣ ምን ይበላሉ፣ የት ያድራሉ የሚለውን አዘጋጃለሁ። የምውልበት የስልክ ዕቃ ሱቅ ለአራት ቀን ቢለቀኝ ብዙ አይጎዳም፤ በየደረሰኙ ጀርባ ግጥም እየጻፍኩ ባለቤቱን አሰልችቼዋለሁ። አክስቴ ደግሞ መርማሪ ናት። የእናቴ ታላቅ ስለሆነች ቃሏ አይታጠፍም።

ፍተሻው ላይ ከቦርሳዋ በሶ፣ ቆሎና አንዲት ትንሽ ቢላዋ ወጡ።

"ይሄ አያልፍም እናቴ" አለች ፈታሿ።

"ማንጎ መላጫዬ ናት እኮ።"

"አያልፍም።"

"እሺ፣ ስመለስ ትሰጪኛለሽ።" ፈታሿ ሳቀች። አክስቴ አልሳቀችም፤ የልጅቱን ፊት በደንብ አየችው፣ ስትመለስ እንድታውቃት።

አሶሳ

አውሮፕላኑ ውስጥ አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ዱዓ ስታደርግ እኔ ከመስኮቱ አልተነቀልኩም። አረንጓዴውና የተከፋፈለው የእርሻ መሬት እየሳሳ ሄደ፤ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ቀይ ሆነ። በመጋቢት አሶሳ የደረቀ ሣር ትሸታለች። ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን በሁለት እጁ ያዘው።

"ያ ረቢ!" አለች አክስቴ። የመጀመሪያው ነጥብ ተመዘገበ ማለት ነው።

ከተማዋ ግን በማንጎ የተሸፈነች ናት። መንገዱ ዳር ማንጎ፣ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ማንጎ፣ የባጃጁ ማቆሚያ ማንጎ። ፍሬው ገና ጥሬ ነው፤ ሰርጉ በሚሆንበት በሚቀጥለው ወር ይበስላል። ይህን በዕቅዴ ላይ አሰመርኩበት።

ሰሚራና ኢብራሂም አንድ ዛፍ ሥር ጭማቂ ቤት አስቀመጡን። ዕቅዴን አነበብኩላቸው። ዓርብ ከቀትር በፊት ጉዞ ወደ ኩርሙክ። ቅዳሜ ማለዳ የቀርከሃ ጫካና ባምባሲ፣ ከሰዓት ኒካው፣ ከዚያ ዙምባራ። እሑድ የአባይ ግድብ።

ኢብራሂም እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀኝ። "ጀማል፣ ይሄ ሰርግ ነው ወይስ የወታደር ሥልጠና?"

"እንግዳ ቁጭ ብሎ እንዲሰለቸው ነው የምትፈልገው?"

"ኩርሙክ ድንበር ነው ወንድሜ፤ ማዶው ሱዳን ነው። በአሁኑ ጊዜ ለሽርሽር ሰው አይወሰድበትም፤ መንገዱም ወገብ ይፈታል። ግድቡም ፈቃድ ይጠይቃል፣ መንገዱም ሩቅ ነው፤ በአንድ ቀን ሄደህ ለማታው አውሮፕላን አትደርስም።"

"ቆይ" አለች አክስቴ፣ "ዓርብ ከቀትር በፊት ነው ያልከው? ለጁምዓ መኪና ውስጥ ልትቆልፈን ነበር? አንተ ልጅ ግጥም ከጀመርክ ወዲህ ሰዓትም ጠፍቶብሃል።"

ከዕቅዴ ባምባሲና ዙምባራው ብቻ ተረፉ። ዙምባራ ከቀርከሃ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማው የሚወጣው ነፊዎቹ ተራ በተራ ሲነፉ ነው። "ስንት ሰዓት ይጀምራሉ?" ብዬ ብጠይቅ፣ ኢብራሂም "ሲመጡ" አለኝ።

አክስቴ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ሰሚራ ወደ እኔ ተጠጋች።

"ምን ትላለች?"

"እስካሁን 'ያ ረቢ' ብቻ ነው ያለችው።"

"ኒካው አይቀርም ጀማል። ግን እማዬ በሌለችበት ሂና ማን ይቀባኛል?" አለችኝ። ሰሚራ በልጅነቷ ስትወድቅ እንኳ ማንም እንዳያይ ቶሎ ተነስታ የምትሮጥ ልጅ ነበረች። አሁን ድምጿ ሲሰበር ሰማሁት።

ዓርብ

ጠዋት ለእንግዶች ያሰብኩትን ሆቴል አክስቴ መረመረችው። ማራገቢያው እያንኳኳ ይዞራል። ውሃው ከበርሜል ነው። አጎበሩ ላይ ቀዳዳ አገኘችና አውራ ጣቷን አስገብታ አሳየችኝ።

"ይሄ ለትንኝ በር ነው። እህቴን እዚህ ላስተኛት?"

"ሌላ ክፍል አለ እትዬ።"

"ሌላም ቀዳዳ ይኖራል።"

ከጁምዓ በኋላ ሰሚራ ተከራይታ ወደምትኖርበት ግቢ ሄድን። የግቢው ባለቤት እማማ ሐዋ ትባላለች፤ ረጅም፣ አንገቷ ቀጥ ያለ የበርታ ሴት ናት። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ትላለች። አክስቴን ገና በር ላይ እጇን ይዛ፣ "አንተ ደክሞሃል፤ ቁጭ በል፣ ቁጭ በል" አለቻት። አክስቴ በሳቅ ልትፈርስ ስትል አፏን በሻሿ ያዘች። አሶሳ ከገባን የመጀመሪያው ፈገግታ ነበር።

የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበ። ባሚያው ይሳባል፤ አክስቴ በጥርጣሬ ጀምራ ሳህኑን ጠረገችው። ከዚያ ቀይ የከርከዴ ሻይ መጣ፤ እማማ ሐዋ ከአንድ ያረጀ ፔርሙዝ ቀዳችልን። ክዳኑ ተሰብሮ የለም፤ አፉ በተጠቀለለ ጨርቅ ተወትፏል።

"እንግዳ እኛ ተካፍለናል" አለች እማማ ሐዋ እየቀዳች። "ሁለት ዓይሻ ቤት፣ ሦስት ማዶ ቤት። የሰሚራ እናት እኔ ጋ።"

አክስቴ በትሕትና፣ "አላህ ይስጥልን፣ አናስቸግራችሁም። ሆቴል እንይዛለን" አለች።

"ሆቴል?" እማማ ሐዋ ፔርሙዙን አስቀመጠች። "ሰሚራ ሲያመው ሆቴል ነበር? እኔ ጋ ነበር።"

ሰሚራ መሬት መሬት አየች።

"ምን አሞሽ ነበር?" አለች አክስቴ።

"ወባ ነበር እትዬ። ጥቅምት ላይ። አልፏል።"

"ጥቅምት ላይ ጉንፋን ነው አላልሽንም?"

"ብነግራችሁ በማግስቱ መጥታችሁ ትወስዱኝ ነበር።"

"እንወስድሽ ነበራ! ወላሂ በእግሬም ቢሆን መጥቼ እወስድሽ ነበር!" አክስቴ ተነሳች። ብርጭቆዋ ውስጥ ግማሽ ሻይ ቀርቷል። አመስግና ወጣች፤ መንገዱን ሳታውቀው ቀድማን ነበር የምትሄደው።

እኔ አበቃ ብዬ ነበር። ለእናቴ "ልጅሽ እዚያ በወባ ልትሞት ነበር" የሚል ስልክ ሲደወል ታየኝ። አክስቴ ግን አልደወለችም።

ቅዳሜ፣ ባምባሲ

የሰርጉ ቀን እንግዶቹ የሚሄዱበትን መንገድ ለመሞከር ሚኒባስ ተከራይቼ ነበር። አክስቴ አልሄድም ትላለች ብዬ ስጠብቅ ቀድማ ገብታ ተቀመጠች። አስፋልቱ በቀርከሃና በተቃጠለ ሣር መሃል ይሄዳል፤ ከጥቁሩ አመድ ሥር አዲስ ቡቃያ ወጥቷል። ሳሳያት ራሷን ነቀነቀች፤ ያየችውም አይመስለኝም። ሰሚራ ከኋላ ወንበር አንገቷን ደፍታለች።

ባምባሲ ገበያው ደርቶ ነበር። አማርኛውና ኦሮምኛው፣ በርትኛው ሁሉ አንድ ላይ ይንጫጫል። አክስቴ ከአንድ ሽንኩርት ሻጭ ሽማግሌ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። የሰማችው ድምፁን ነው፤ የወሎ ድምፅ።

"ከየት ነህ አንተ?"

"ከወረኢሉ ነኝ እቴ። በደርግ ጊዜ በሰፈራ መጣን። ልጅ ነበርሁ።"

አክስቴ ሽንኩርቱን እንደምትመርጥ ሰው ጎንበስ አለች። "ያን ጊዜ ሲያማችሁ ማን ነበር የሚያስታምማችሁ?"

ሰውየው ጥያቄው እንግዳ አልሆነበትም። "ማን አለ? ሁላችንም አዲስ፣ ሁላችንም በሽተኛ። እናቴን እዚያ ጋራ ሥር ቀበርኋት፤ ውሃ የሚያቀብላት ሰው ጠፍቶ።" ሚዛኑን አስተካከለ። "አሁን ሰው አለን፣ አልሐምዱሊላህ። ያኔ ግን ሰው አልነበረንም።"

ሽንኩርቱን ገዛች፤ ሳትከራከር። አክስቴ ሳትከራከር ዕቃ ስትገዛ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወደ መኪናው ገብታ ለሾፌሩ፣ "መልሰን። ወደ ሐዋ ቤት" አለችው።

"እትዬ፣ ገና የቀርከሃ ዕቃ የሚሠሩትን—"

"ዕቅድህን ኪስህ ክተተው።"

ከበር ወደ በር

እማማ ሐዋን በረንዳ ላይ ባሚያ ስትከትፍ አገኘናት። አክስቴ ሽንኩርቱን ሰጠቻትና፣ "ሰሚራን ያስታመሙትን ቤቶች አሳዪኝ" አለች።

እማማ ሐዋ ቢላዋዋን አስቀምጣ ተነሳች። እኛም ተከተልናቸው።

የዓይሻ ቤት ቅርብ ነው፤ የቀርከሃ አጥር፣ ሁለት ፍየል። አክስቴ ከሰላምታ በኋላ፣ "አንቺ መቼ ነበርሽ?" ብላ ጠየቀች።

ዓይሻ አማርኛዋ የተማሪ ቤት ነው። "እኔ ቀን ቀን ነበርኩ። ሐዋ ሌሊት ነቅታ ታድራለች፤ ጠዋት ስመጣ እሷ ትተኛለች። ትኩሳቱ ሲበረታባት ሰሚራ ክፍል ውስጥ ያለች ይመስላታል። 'ዝም በሉ! ጀርባ ላይ ያላችሁ!' እያለች ስታስተምረን ትውላለች። ባለቤቴን 'አንተ ወጥተህ ተንበርከክ' አለችው።"

"ተንበረከከ?" አለች አክስቴ።

"ምን ያድርግ፣ ተንበረከከላት!"

ሰሚራ ፊቷን ሸፈነች። አክስቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃሉ ላይ ቆመና ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። ከዚያ የእንግዳውን አልጋ አሳዪኝ አለች። ፍራሹን በመዳፏ ተጫነችው፤ አጎበሩን ወደ ብርሃን ይዛ ቀዳዳ ፈለገች። አልነበረውም።

ማዶ ያለው ቤት የባጃጅ ሾፌር ቤት ነው። ሰሚራን ወደ ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው። "መንገዱ ስለሚያንገላታ ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት፤ ከኋላ ያሉት ጡሩምባ ይነፉብኝ ነበር" አለ፤ እስካሁን እንደተናደደባቸው ነው። ቀጥሎ ያለችው ሴት ልብሷን ያጠበችላት ናት። አክስቴ በየቤቱ "አንቺስ?" ትላለች፤ በየቤቱ አልጋ ትጫናለች። መጨረሻ ላይ ወደ እማማ ሐዋ ተመለስንና የሌሊቱን ቦታ አየን። አንድ ሽቦ አልጋ፣ አጠገቡ አንድ ዱካ፣ ዱካው ላይ ያ ፔርሙዝ።

"አጥሚት እዚህ ውስጥ ነበር" አለች እማማ ሐዋ። "ሲነቃ ትኩስ ይጠጣል።"

አክስቴ ፔርሙዙን ወደ ወለሉ አውርዳ ዱካው ላይ ተቀመጠች። እዚያ ሆኖ አልጋው እንዴት እንደሚታይ ለማየት የፈለገች ይመስለኛል። ከዚያ ሰሚራን፣ "ነይ እስቲ" ብላ አጠገቧ አስቀመጠቻትና ራሷን ወደ ደረቷ ሳበችው።

"ውሸታም" አለቻት ቀስ ብላ።

እሑድ፣ ኮልፌ

ቦሌ ስንደርስ አክስቴ ያቺን ፈታሽ ፈለገቻት፤ አላገኘቻትም። ኮልፌ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። አክስቴ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሁሉንም ነገረቻት፤ ወባውን አልደበቀችም። እናቴ ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ሰሚራን በሌለችበት ሰደበች። አክስቴ ቀጠለች፤ ማን ሌሊት፣ ማን ቀን፣ ማን ባጃጅ፣ ማን ልብስ፣ የተንበረከከውን ባል ሳይቀር።

እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

"ያቺ ሌሊት የነበረችው ሴትዮ" አለች በመጨረሻ፣ "ምን ትወዳለች?"

ሁሉን አያለሁ ባይ ነኝ። ስለ ማንጎው፣ ስለ ቀዩ አፈር፣ ከአመድ ሥር ስለወጣው ቡቃያ ጽፌአለሁ። ይህን ግን አልጠየቅኩም። መልሱን የሰጠችው አክስቴ ናት። "የፔርሙዟ ክዳን ተሰብሯል። በጨርቅ ነው የምትወትፈው።"

እኔም አይቼው ነበር፤ ግን ለግጥም ነበር ያየሁት።

በዚያው ምሽት ዕቅዱን እንደገና ጻፍኩ። ለእንግዳ አገር ማሳየት ያለብኝ መስሎኝ በሦስት ቀን ውስጥ ድንበርና ግድብ ስጨናንቅ ነበር። እናቴና ዘመዶቻችን ግን ማየት ያለባቸው ሰሚራ አሞኛል ብላ የምታንኳኳውን በር ነው። ስለዚህ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሌላ ጉዞ የለም፤ እንግዶቹ በየሚያድሩበት ቤት ይገባሉ፣ ቁጭ ይላሉ፣ ገንፎውን ይበላሉ። ባምባሲ ለፈለገ ሰው ቅዳሜ ጠዋት አለ። ዙምባራው ሲመጣ ይመጣል። ሆቴሉን ሰረዝኩት።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ አነበበች።

"ነገ መርካቶ ትወስደኛለህ። ትልቁን ፔርሙዝ ነው የምገዛው፣ ሁለት ሊትር የሚይዘውን።"

"እሺ እማዬ። ሻንጣ ውስጥ በልብስ እንጠቀልለዋለን።"

"ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ይሰበራል። አውሮፕላኑ ውስጥ በጭኔ ነው የምይዘው። ጻፈው።"

ጻፍኩት።