ከዘጠኝ ዓመት ልጁ ጋር ለመታረቅ ሽማግሌ ፊት የቆመው ሰው

እስቲ ይህን ሰውዬ ተመልከቱት። ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ዱመርሶ ውስጥ፣ አንድ የእሸት ቡና መረከቢያ በር ላይ፣ ጭቃ ላይ ተንበርክኳል። ከማዳበሪያው የተዘረገፈ ቡና ፊቱ ተበትኗል። ቀዩን ወደ ግራ፣ አረንጓዴውን ወደ ቀኝ እየለየ ነው። ከኋላው የተሰለፈው ሕዝብ ተራውን ይጠብቃል፣ ይስቃልም። ባለ ሚዛኑ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «ይሄ ሰው ያመጣው ቡና ነው ጎመን?» ይላል። ሰልፉ እንደገና ይስቃል።

ሰውዬው ታዲዮስ ይባላል። አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ሦስት ልጆች አሉት፤ ከቤቱ ጀርባ እንሰት፣ በእንሰቱ መሃል ቡና አለው። እሁድ እሁድ የጸሎት ቤቱ ኳየር ውስጥ ወፍራሙ ድምፅ የእሱ ነው። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፣ የሰው ጣራ ሲፈርስ ሳይጠሩት ይመጣል። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ «ክፉ ነው» ብላችሁ በአንድ ቃል እንዳትገላገሉት ነው።

ለመሆኑ አረንጓዴው ቡና ማዳበሪያ ውስጥ እንዴት ገባ? በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። መረከቢያው ደግሞ ቅዳሜ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ታዲዮስ የዘጠኝ ዓመቷን ልጁን ትንቢትን ይዞ ቡናው ውስጥ ገባ። በደህናው ቀን ያስተማራት አንድ በአንድ እያየች፣ የቀላውን ብቻ እንድትለቅም ነው። ያን ቀን ግን አናቷ ላይ ቆሞ፣ «ቶሎ በይ! ዝናቡ ደረሰ! ምን ትፈዢብኛለሽ?» እያለ ይጮህ ነበር። እየተጮኸባት የምትለቅም ልጅ ምን ታድርግ? ቅርንጫፉን ከሥሩ ይዛ እስከ ጫፉ መለመለችው። ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ቅጠሉም አብሮ ቅርጫት ገባ። ታዲዮስ ሳያይ ማዳበሪያ ውስጥ ገለበጠው። ሳያይ! ቶሎ በይ አላት፣ ቶሎ አለች። የልጅቷ ጥፋት ይኼው ነው።

ከመረከቢያው ሲመለስ መንገድ ላይ ሰላም ያለውን ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አለፈው። ጆሮው ይግል እንደነበር በኋላ ለእኔ ለጎረቤቱ ራሱ ነግሮኛል።

«ጆሮዬ ከጋለ በኋላ እኔ እኔ አይደለሁም» አለኝ።

«አንተ ካልሆንክ ማነው ታዲያ? ጎረቤት ነው ልጅህን የመታው?» ብዬ ጮህኩበት።

ቤት ሲደርስ ትንቢት ባዶውን ቅርጫት ታናሽ ወንድሟ ጭንቅላት ላይ ደፍታ እየሳቀች ነበር። የሰልፉ ሳቅ ተከትሎት ቤት ድረስ የመጣ መሰለው። በጥፊ መታት። ከዚያ ቀበቶውን ፈታ። ሚስቱ አሰፋች መሃል ገብታ እጁን እስክትይዘው ድረስ ስንት ጊዜ እንዳሳረፈባት አያውቅም። ልጅቷ ታውቃለች። ስድስት ነው።

ለባለ ሚዛኑስ ምን ብሎት ነበር? «እሺ ጌታዬ።» ይህን ሳስብ ነው ደሜ የሚፈላው። ጉልበት ያለው ሲያዋርደን «እሺ ጌታዬ»፤ ቤት ገብተን ደግሞ ትከሻችን ላይ ለማትደርስ ልጅ ቀበቶ! ይህንንም «ሥነ ሥርዓት ማስያዝ» እንለዋለን። የቱ ሥርዓት? ደጅ የዋጥነውን ስድብ ቤት አምጥተን ልጅ ላይ እያስመለስን ነው! እኔ ራሴ ያን ቀን አጥር ለአጥር ሆኜ ጩኸቱን ሰምቻለሁ። «አባቷ ነው» ብዬ ምሳዬን በላሁ። ስለዚህ ስቆጣ በእናንተ ላይ ብቻ የምቆጣ አይምሰላችሁ።

ትንቢት ሮጣ እንሰቱ ውስጥ ገባች። እንሰት ትልቅ ሰው እንኳ ይደብቃል። ሲፈልጓት ሲፈልጓት ውለው፣ በመጨረሻ ሦስት ቤት ወደ ላይ፣ አክስቷ ወርቂቱ ዘንድ ተገኘች። ወርቂቱ የታዲዮስ ታላቅ እህት ናት። ልጅቷ ከዚያ አልወጣም አለች።

እናቷ አሰፋች ሄደች። «ነይ እንጂ ልጄ፣ አባትሽ እኮ ረስቶታል።»

«እኔ አልረሳሁም» አለች ትንቢት።

የጸሎት ቤቱ ወንጌላዊ ሄደ። እናትና አባትሽን አክብሪ የሚለውን አነበበላት። ጸጥ ብላ ሰማችውና፣ «አሜን» ብላ እዚያው ቀረች። አባቶች ልጆቻችሁን አታስቆጡ የሚለው እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ወደዚያኛው ገጽ የገለጠ ግን አልነበረም።

በሳምንቱ ታዲዮስ ራሱ ይርጋጨፌ ወርዶ አዲስ ጫማ ገዝቶላት መጣ። ትንቢት ተቀበለችው፣ ለካችው፣ ወዲያ ወዲህ ብላ ሞከረችው። «ልክ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ጫማዋን እንዳደረገች ተመልሳ ጓዳ ገባች።

ወርቂቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ወንድሜ፣ ለእግሯ ጫማ ከምትገዛ ለእጅህ ልጓም ብትገዛ አይሻልም ነበር?»

ታዲዮስ ተናደደ። ላቡን ሊጠርግ ባርኔጣውን ለማውለቅ እጁን ቢያነሳ፣ ከጓዳው በር ላይ አሾልካ ታይ የነበረችው ልጅ ሁለት እጆቿን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ባርኔጣ ለማውለቅ! እጁ አየር ላይ ቀረ።

«አየህ?» አለች ወርቂቱ፣ አሁን ሳቁ ከፊቷ ጠፍቶ። «አባታችን ከገበያ ተናዶ ሲመጣ የት ነበር የምንገባው? ረሳኸው?»

«እንሰት ውስጥ።»

«አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጉንዳን ሲበላን እንኳ ዝም እንል ነበር። ልጅህን እንሰት ውስጥ መግባት ማን አስተማራት ትላለህ?»

ወጥቶ ሄደ። ሲነግረኝ እንባው ይመጣ ነበር፤ እኔ ግን አላባበልኩትም። ማልቀስ ቀላል ነው። ሲያለቅሱ አይቻቸው፣ በማግስቱ የመቱ ስንት አባቶች፣ ስንት እናቶች አውቃለሁ።

ምክር አልሰማም እንዳትሉ። ከዓመት በፊት ቀበሌው መርጦት ዲላ አንድ አዳራሽ ውስጥ ስለ ልጅ አስተዳደግ የሁለት ቀን ሥልጠና ተካፍሏል። አሠልጣኙ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ሥዕል እያሳየ፣ «ሲናደዱ በረጅሙ ይተንፍሱ፣ እስከ አሥር ይቁጠሩ» አለ። ታዲዮስ እጁን አውጥቶ፣ «እኔ መናደዴን የማውቀው ከመታሁ በኋላ ነው፤ መቼ ነው የምቆጥረው?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ ሳቀ። አሠልጣኙም ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ። እኔን ያበገነኝ ይሄ ነው! በሁለት ቀን ውስጥ ከተነሣው ጥያቄ ሁሉ የረባው ያ ብቻ ነበር። መተንፈሱን አልጠላሁም፤ ይተንፈስ። ነገር ግን ቁጣ የሚነሣው ልጅ ፊት አይደለም፤ ሚዛን ቤት ነው፣ ቢሮ ነው፣ ባጃጅ ላይ ነው። የተቀጣጠለበትን ቦታ ያላወቀ ሰው አሥር ድረስ ሳይሆን ሺህ ድረስ ቢቆጥር ምን ይጠቅመዋል?

ታዲዮስ ያደረገውን እንግዲህ ስሙ። ወደ ሶንጎ ሄደ። ሶንጎ የአገሩ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠብ የሚያበርዱበት ነው። የድንበር ጠብ፣ የከብት ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ እዚያ ያልቃል። እኔም በአንድ የድንበር ጉዳይ ምስክር ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ታዲዮስ መጥቶ መሃል ቆመ።

«ጠብ አለብኝ፤ አስታርቁኝ» አለ።

«ከማን ጋር?» አሉት አባባ ባልቻ፣ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ።

«ከትንቢት ጋር።»

«ትንቢት የማን ሚስት ናት?»

«ልጄ ናት አባባ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

አንዱ ሽማግሌ ምርኩዙ ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። ሌላው፣ «ነገ ደግሞ ከዶሮዬ ጋር አስታርቁኝ ሊለን ነው!» አለ። ዛፉ ሥር ያለው ሁሉ አውካካ። ታዲዮስ ዓይኑ ቀላ። ትቶ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ፣ እዚያው እንደቆመ፣

«ጆሮዬ ጋለ» አለ ጮክ ብሎ። «አሁን እንደሳቃችሁብኝ ሰው ሲስቅብኝ ነው እኔ ልጄን የምመታው። አሁን ከዚህ ቤቴ ብሄድ ከልጆቼ አንዱን እመታለሁ፤ አውቀዋለሁ። ስለዚህ አልሄድም። እስኪያልፍልኝ እዚሁ ልቁም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ምርኩዙ የወደቀበት ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ማንሳት እንኳ አፈረ። ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ መካከል በሕይወቱ ልጅ ያልመታ እንደሌለ ፊታቸው ይናገር ነበር።

«ልጅቷን ጥሯት» አሉ አባባ ባልቻ።

«ኧረ አባባ! ሴት ልጅ፣ ያውም ሕፃን፣ ሶንጎ ላይ ምን ልትናገር?» አለ አንዱ።

«ሲመታትስ ትልቅ ሰው ነበረች?» አሉት።

ትንቢት የአክስቷን ቀሚስ ይዛ፣ አዲሱን ጫማ ተጫምታ መጣች። አባባ ባልቻ አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ልጄ፣ አባትሽ በድያታለሁ ይላል። ምን ይካስሽ? ዶሮ ነው ፍየል?»

«ፍየል አልፈልግም።»

«እሺ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች፣ «ሲናደድ ቤት አይግባ» አለች።

«ቤቱ እኮ የራሱ ነው!» አለ ያው የዶሮው ቀልደኛ።

«ይገባል። ንዴቱ ሲያልቅለት ይገባል።»

«ማለቁን ማን ያውቃል?» አሉ አባባ ባልቻ፣ በቁም ነገር።

«እኔ እጠይቀዋለሁ። ካላለቀ ገና ነው ይበለኝ። መዋሸት የለም። ያናደደውንም ሰው ስም ይንገረኝ። እኔ ካልሆንኩ ለምን እኔን ይመታኛል?»

«አንቺስ ብትሆኚ?»

አሰበች። «እኔም ብሆን ውጪ ይቁም። ሲገባ ይንገረኝ፣ እሰማዋለሁ።»

ከዲላው አሠልጣኝ ይህች ልጅ አልበለጠችም? ታዲዮስ ፊቷ ተቀመጠ። «ቡናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አላት። «ቶሎ በይ ያልኩሽ እኔ፣ ሳላይ የገለበጥኩት እኔ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ያልሽውን ሁሉ አደርጋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ታዲዮስም እጇን ይዞ ሊሄድ ተነሣ። ትንቢት ግን ወደ ወርቂቱ ቀሚስ ተመለሰች።

«መጀመሪያ አየዋለሁ» አለች።

እውነቷን ነው! ስድስቱ የወረደው እሷ ላይ ነው፤ በሽማግሌ ምርቃት ብቻ ለምን ትመለስ?

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ታዲዮስ እንከን የሌለው ቀይ ቡና ይዞ ሄዶ፣ ሰልፉ ረዝሞ ተራው ሳይደርሰው መረከቢያው ተዘጋ። ባለ ሚዛኑም፣ «የጎመን ነጋዴው፣ ነገ ና» አለው። ማዳበሪያውን ተሸክሞ መጣና የቤቱ አጥር በር ላይ አስቀምጦ ቆመ። አልገባም። ያካፋ ነበር።

«ታዲዮስ! አሰፋች አባረረችህ እንዴ?» አልኩት።

«አይ፣ በራሴ ነው የቆምኩት» አለኝ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ወሬው ሦስት ቤት ለመውጣት ጊዜ አልፈጀበትም። ትንቢት የእንሰት ቅጠል ጭንቅላቷ ላይ ይዛ ወርዳ፣ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ቆመች።

«አባ፣ አለቀ?»

«ገና ነው።»

«ማነው?»

«ባለ ሚዛኑ።»

«እኔ አይደለሁም?»

«አንቺ አይደለሽም፣ ልጄ።»

ተመልሳ ወጣች። ዝናቡ በረታ። ታዲዮስ አሁንም እንደቆመ ነው። ጥቂት ቆይታ መጣች። አሁን አምስት እርምጃ ያህል ነው የቀራት።

«አለቀ?»

ሊዋሽ እንደፈለገ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። በስብሶ ነበር። «ትንሽ ቀርቶታል» አለ።

ፊቱን ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ዞራ ሄደች፤ ላትመለስ የሄደች መሰለንና ታዲዮስ አጥሩን ተደገፈ። ስትመለስ ደብተሮቿንና ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ይዛ ነበር። ቅጠሉን ለእሱ ሰጠችው።

«ሲያልቅልህ ግባ» ብላው፣ እሷ ቀድማ ገባች።

ታዲዮስ ዳነ አልላችሁም። ገና በሳምንቱ በረንዳው ላይ የጮኸውን ጩኸት መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል። ግን እጁን አላነሣም፤ ወጥቶም ቆመ። አሁን እኔም እጠይቃችኋለሁ፤ ዛሬ፣ ቁጣ በሌለበት ሰዓት፣ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «ስናደድ ምን ባደርግ ደስ ይልሃል? ምን ባደርግ ደስ ይልሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። እባካችሁ፣ መልሱን ሳታቋርጡ ስሙት፤ ልጃችሁ የነገራችሁንም አድርጉት።