ወደ ታች ማየት

«ዲስፓይዝ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለተማሪ ማስረዳት አልወድም። ዕድሜዬን እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ይህ ቃል ብቅ ሲል ግን ጉሮሮዬን እጠርግና ጎበዝ ተማሪ ፈልጌ «እስኪ አንተ ንገራቸው» እላለሁ። ይነሳና «መናቅ» ይላል። «ጎበዝ፣ ተቀመጥ።» በቃ፣ ወደሚቀጥለው ቃል እናልፋለን። መናቅ ነው፤ ሌላ ምን ይሁን? እኔ ግን ይህችን አንዲት ቃል የተማርኩት ናዝሬት፣ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ ወላጅ ሁሉ በተሰበሰበበት መድረክ ላይ ቆሜ ነው።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ዘመኑ የደርግ። አባቴ በከተማው ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይቀቅላል፣ ይወጋል። በልጅነቱ ኩየራ አካባቢ ከፈረንጅ ሚሲዮናውያን ዘንድ ስለተማረ እንግሊዝኛ አሳምሮ ያውቃል። ጧት ጧት ነጭ ጋዋኑን በክንዱ ይዞ ሲያልፍ ባለጋሪዎቹ ፈረሳቸውን ገታ አድርገው «አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ ዶክተር!» ይሉታል። «ድሬሰር ነኝ» እያለ ያልፋል። በማግስቱም ዶክተር ይሉታል፣ በማግስቱም ድሬሰር ነኝ ይላል።

ጴንጤዎች ነበርን። ዛሬ ሰው ራሱ «ጴንጤ ነኝ» ይላል፤ ያን ጊዜ ግን ስድብ ነበር። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየቤቱ ልደት እያስመሰልን እንሰበሰብ ነበር። አንድ ሕፃን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚወለድ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ ጉዳችን ይፈላ ነበር።

አባቴን ያስጠመደው ግን ጸሎቱ ሳይሆን እጁ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ መፈክር ሲባል ሕዝቡ ግራ እጁን ጨብጦ ያነሣል፤ አባቴ አያነሣም። አይከራከርም፣ አይቆጣም፤ ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ ይቀመጣል። የቀበሌው ካድሬ ደጋግሞ አስጠርቶታል። በመጨረሻው ጊዜ «ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቀጥሎ ከሥራ ትባረራለህ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ደግሞ ራስህ ታውቀዋለህ» ብሎ ሰደደው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀው ነበር። እናቴ አባቴ ከሥራ እስኪመለስ በር በሩን ስታይ ነው የምትውለው።

እናቴ የወለንጪቲ ልጅ ናት፤ ቁጣዋን በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች። እኛን ያሳደገችበት ሕግ አንድ ነው። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አባትሽ ሲናገር መሬት መሬት እዪ!» ትለኛለች። አባቱን ቀና ብሎ የሚያይ ልጅ ለእሷ ዐይነ ደረቅ ነው። ሰው አመስግኖኝ «ልጅሽ እኮ አንገቷን የደፋች ናት» ያላት ዕለት ፊቷ እንዴት እንደሚበራ! እኔም ይህን ሙያዬን ኮርቼበት ነበር፤ እንደ እኔ መሬት የሚያይ ልጅ ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም።

የወላጆች ቀን ሲደርስ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን የተሻልነውን መርጦ፣ እያንዳንዳችን ስለ ቤተሰባችን አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንድንናገር አዘዘ። እኔ «ሪስፔክት» የሚለውን ቃል ይዤ አባቴን አከብራለሁ ልል አዘጋጀሁ፤ አስተማሪውም አይቶ «ጥሩ ነው» አለ። ለካ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅም እሱኑ ይዛለች። ልቀቂ አልኳት፣ አልለቅም አለች። ሁለት «ሪስፔክት» አንድ መድረክ ላይ ከሚወጣ ሞቴን እመርጣለሁ ብዬ፣ እሷ ሰምታ የማታውቀው ትልቅ ቃል ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ገና ጅል ነበርኩ፤ ትልቅ ቃል ትልቅ ሰው የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መዝገበ ቃላት ነበር፤ እንግሊዝኛውን የሚፈታው በእንግሊዝኛ ነው። ገልበጥ ገልበጥ ሳደርግ «ዲስፓይዝ» የሚል አገኘሁ። ፍቺው «ሉክ ዳውን ኦን» ይላል። «ሉክ» ማየት፣ «ዳውን» ወደ ታች። ወደ ታች ማየት! ከዚያ ቀጥሎ ሌላ ፍቺ ነበረ፤ አንብቤ ስላልገባኝ ዘለልኩት። ምን ያደርግልኛል? እንግሊዞችም እንደ እናቴ መሬት መሬት ያያሉ ማለት ነው፤ ለዚያም ራሱን የቻለ ቃል አላቸው ብዬ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ።

ዛሬ ሳስበው አማርኛችን ይህን ስሕተት እንዳንሠራ አጥር አጥሮልን ነበር። ሰውን ዝቅ አድርጎ ማየት ንቀት ነው፤ ዝቅ ብሎ ማየት ጨዋነት ነው። «አድርጎ» እና «ብሎ» ሁለቱን ለይተው ያቆማሉ። እንግሊዝኛው ግን ማን ዝቅ እንዳለ አይነግርህም፣ ወደ ታች አየ ብሎ ዝም ነው። እኔም በጓሮ በር ዘው አልኩ።

አስተማሪው መሰላል ላይ ወጥቶ መፈክር የተጻፈበትን ቀይ ጨርቅ ሲሰቅል አገኘሁትና «ቲቸር፣ ቃሌን ቀየርኩ» አልኩት። ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ስለነበር «እህ፣ እህ» ብሎ አሰናበተኝ። እኔም እንደ ፈቃድ ወሰድኩት።

በዕለቱ አዳራሹ በቆርቆሮው ሙቀት ምድጃ ሆኗል። ፊት ለፊት የክብር እንግዳው ተቀምጧል፤ ያው የቀበሌያችን ካድሬ። አባቴ ከሥራ እንደወጣ መጥቶ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ያቺ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ሪስፔክት» ብላ ወረደች፤ ወላጆች ባይገባቸውም አጨበጨቡላት። ቆይ፣ አሳይሻለሁ እያልኩ ወጣሁ። አባቴን በዐይኔ ፈልጌ አገኘሁትና ድምፄን ከፍ አድርጌ «አይ ዲስፓይዝ ማይ ፋዘር ቬሪ ማች» አልኩ። ከዚያ ትርጉሙን በተግባር ለማሳየት አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬት አየሁ።

ወላጆች እንደ ልማዳቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። ካድሬው ግን እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። ተነሥቶ ወደ መድረኩ ወጣና እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

«ጓዶች፣ ይህች ልጅ ያለችው ገብቷችኋል? ‹አባቴን በጣም እንቀዋለሁ› ነው ያለችው!»

እኔ መጀመሪያ የሌላ ሰው ነገር የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

«የማን ልጅ እንደሆነች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የኢምፔሪያሊስት እምነት ተሸክሞ፣ ለአብዮቱ እጄን አላነሣም ያለውን አባቷን በተማረበት ቋንቋ ነገረችው። ይህ ንቀት አይደለም ጓዶች፣ ንቃት ነው! አባትየው እዚህ ካለ ይነሣና ለልጁ ያጨብጭብላት።»

ራሶች ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ። አስተማሪዬን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ተሳስቼ ነው፣ ማክበር ማለቴ ነው» ልል ፈለግኩ፤ ያ እጅ ግን ትከሻዬ ላይ ከብዶኝ ነበር። አባቴ በዝግታ ተነሣ። ጋዋኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ለመፈክር አንድ እጁን ያላነሣው ሰው ሁለቱንም አንሥቶ አጨበጨበ። ያን ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እናቴ ስትሰማ ያለችው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብቻ ነው። ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ «የነቃችው» የሚል ስም ወጣልኝ፤ በየበረንዳው ይጠሩኝና ይስቃሉ። ካድሬው አባቴን ማስጠራቱን ተወ፤ እጁ ተገኝቷል፣ ምን ቀረው? ከእኛ ጋር ይጸልዩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን ቤታችን መምጣት አቆሙ። «ለካድሬ አጨበጨበ» አሉ አሉ። አንገቴን ደፍቼ አባቴን አንገት አስደፋሁት ማለት ነው፤ ይህንንም አማርኛ ቀድሞ ያውቀዋል።

አባቴ ራሱ አልተቆጣኝም፤ ዝም ነው ያለኝ። እህል ሲቀርብ ይጸልያል፣ ይበላል፣ ይነሣል። የምር የናቅኩት መስሎት ይሆን? ያንገበገበኝ ይህ ነበር። እንዳላስረዳው ደግሞ ለማስረዳት ያንን ቃል እንደገና ፊቱ ማንሣት አለብኝ። ኮቴውን ስሰማ ወደ ጓዳ እገባለሁ፤ ሲወጣ እወጣለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ሳፋ ፊት ተቀምጦ ጋዋኑን ሲያጥብ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ጋዋኑን ለማንም አያሳጥብም ነበር።

«አባባ፣ ቃሉን አላወቅኩትም ነበር» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

«አውቃለሁ» አለ።

«መዝገበ ቃላቱ ወደ ታች ማየት ነው ይላል። እኔ ደግሞ...»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ። ተናግረሽ እንደጨረስሽ አንገትሽን ደፋሽ። አባቱን የናቀ ልጅ አንገቱን አይደፋም። ያኔውኑ ገብቶኛል።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ስንት ቀን የተሸከምኩት ድንጋይ ወረደልኝ፤ አልናቅኩትም፣ አለመናቄንም ያውቃል። ታዲያ ነገሩ ይህ ከሆነ የከረምንበት ዝምታ ግራ ገባኝ።

«ታዲያ ኩርፊያው ለምንድን ነው፣ አባባ?»

ጋዋኑን ጨመቀውና ሳፋው ጠርዝ ላይ አደረገው። እጆቹ ላይ አረፋ ነበረ፤ እያያቸው ቆየ።

«ኩርፊያ አይደለም» አለ። «አንቺ የማታውቂውን ቃል ተናገርሽ። እኔ ግን ትርጉሙን እያወቅኩ አጨበጨብኩ።»

«ለእኔ ተብሎ ነው እንጂ...»

«ላንቺ ብዬ ይሁን ፈርቼ ይሁን፣ እኔም አላውቀው።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ፊቱን ሙሉ አየሁት፤ እናቴ ብታየኝ ዐይነ ደረቅ ትለኝ ነበር። እሱ ግን አላየኝም። አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያይ ነበር።