በነጋ ደብተር የተፈረደባቸው አገሮች

ሰባት ነጥብ አንድ! እልል በሉልኝ፣ ሰባት ነጥብ አንድ ሆኗል። ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ፣ እንደገና አይቶ ነው የተናገረው። ሰውየው ደግሞ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መጀመሪያ የተናገረው ቃል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? "ቬትናምን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ" ነው ያለው። ዶክተሩ ምኑም አልገባውም። እናንተም አይግባችሁ፤ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ወሬው የነጋ ነው። ነጋ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ውስጥ የሚኖር፣ በዲቪ መጥቶ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ትልቁን ትራክ የነዳ፣ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው። ጠዋት ዱሉዝ ካለው መጋዘን ጭኖ ይነሣል፣ አላባማ ወይም ሳውዝ ካሮላይና አራግፎ ይመለሳል። መሪ ካልያዘ እጁን የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። ቸርች ውስጥ እንኳ መዝሙሩ ረዘም ሲል በአየር ላይ ቀስ እያለ የሚያዞረው ነገር አለ።

እንግዲህ በዚህ በፈረንጆች 2014፣ ጃንዋሪ እንደገባ፣ ይኸው ነጋ የሹፌርነት ሜዲካል ካርዱን ሊያሳድስ ሄደ። ደሙ ሲመረመር የሦስት ወሩ አማካይ የስኳር ልክ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ሆኖ ቁጭ አለ። ዶክተሩ የሦስት ወር ካርድ ብቻ ሰጠውና ኪኒን አዘዘለት። አመጋገቡን አስተካክሎ ቁጥሩ እስከ ኤፕሪል ካልወረደ ኢንሱሊን እንደሚጀምርም ነገረው። በሕጉ ደግሞ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የተለየ ፈቃድ ካላገኘ በስተቀር ከስቴት ስቴት ትራክ መንዳት አይችልም። ነጋ ይህን ሲሰማ የጠየቀው ስለ ዓይኑም ስለ ኩላሊቱም አልነበረም። "መሪውን ልትቀሙኝ ነው?" ብሎ ነው የጠየቀው።

ከዚያ ወደ ምግብ አማካሪዋ ላኩት። ሕይወት ትባላለች፤ ወላጆቿ የእኛው ናቸው፣ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ነጋን "ጋሽ" ብላ ጠርታ ወዲያው "አንተ" አለችው። አባቷ ሊሆን የሚችል ሰው ነውና ትንሽ ደነገጠ፣ ግን ጋሽ ማለቷን አስቦ ተዋት። ማታ ማታ እንጀራ ተወው፣ ሌላ ነገር ትራይ አድርግ አለችው። ማታ የበላውን በደብተር እንዲጽፍ፣ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ ጣቱን ወግቶ ስኳሩን እንዲለካና ከጎኑ እንዲያሰፍርም አዘዘችው፤ ከመቶ ሠላሳ ካለፈ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

"ሌላ ነገር" ስትል ሰላጣ ለማለት ፈልጋ ይሆናል። ነጋ ግን የሰማው ዓለምን በሙሉ ነው። ለምን አይሰማ? ከዱሉዝ ወደ ቤቱ ሲመለስ በቡፎርድ ሃይዌይ ነው የሚያልፈው። በዚያ መንገድ ዳር የዓለም አገሮች ጎን ለጎን ተኮልኩለዋል። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ጽሑፋቸውን እያየ፣ ውስጥ ምን ይበሉ ይሆን እያለ ሲያልፍ ኖሯል። አሁን በሐኪም ትእዛዝ መግባት ተፈቀደለት ማለት ነው። አገሮቹን አንድ በአንድ ቀምሼ፣ የሚጣፍጥም ስኳር የማይጨምርም ምግብ ያለው የትኛው ሕዝብ እንደሆነ አገኛለሁ አለ።

አሜሪካን የጀመረው አላባማ ውስጥ ከትራክ ማቆሚያው ምግብ ቤት ነው። ግሪትስ አመጡለት። ከበቆሎ የተሠራ ገንፎ ነው፤ ነጋ መሐሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርጎ በርበሬና ቅቤው እስኪመጣ ጠበቀ። አልመጣም። ሻይ ደግሞ በበረዶ፣ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ ሰጡት። ሻይ ነው፣ እኔ ስኳር አልጨመርኩበትም ብሎ ግጥም አድርጎ ጠጣና አስደገመ። በማግስቱ ደብተሩ ላይ "አሜሪካ፦ 231። ሻይዋ ሳይቀር ተንኮለኛ ናት" ብሎ ጻፈ። ሕይወት በኋላ ሻዩ ከመጀመሪያውም በስኳር እንደሚፈላ ስትነግረው፣ እንግዳን ሳይጠይቁ ስኳር የሚጨምሩ ሕዝቦች ናቸው ብሎ አዘነባቸው።

ከዚያ ኮሪያ ገባ። ገና ሳያዝ ዐሥር ያህል ትንንሽ ሳህን ደረደሩለት፤ ጎመኑ፣ ራዲሽ የሚባለው ሥር፣ ሽንብራ የምታክለዋ ነገር። ነጋ ይሄ ነው ምግቡ ብሎ አንድ ሳያስቀር ጠራርጎ በላ። "ሁሉም ቀዝቃዛ፣ ሁሉም ቁንጽል" ብሎ ጽፎ ሊነሣ ሲል ሥጋው እየጨሰ መጣ። እሱንም ሳያሳፍር በላው። "ኮሪያ፦ 219።"

ሜክሲኮ ላይ ደግሞ የነጋ ጠያቂነት ባሰ። ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመና ባቄላው በምን እንደሚጠበስ፣ ሊጡ ስንት ቀን እንደሚያድር መጠየቅ ጀመረ። ከጤና ጥበቃ የመጣ ተቆጣጣሪ መሰላቸው። አንዱ ወለል ሊጠርግ ሮጠ፣ ሌላው ያላዘዘውን ሁሉ አቀረበለት። ባቄላው በአሳማ ስብ እንደሚጠበስ የነገረው ወጥ ሠሪም ላቡ በግንባሩ እየወረደ ነው። "ሜክሲኮ፦ 226። ሕዝቡ ደግ፣ ባቄላው ክፉ።"

ቬትናም ተራ ሲደርስ ሾርባ አለ ስለተባለ ተስፋ አደረገ። ሾርባ ለበሽተኛ የሚሰጥ ነገር አይደል? ጎድጓዳ ሳህን መጣ፤ ቀጭን ሥጋ፣ ፓስታ መሳይ ነገር፣ ቀሪው ውሃ። ከጎኑ ቅጠላ ቅጠል የተቆለለበት ሌላ ሳህን አስቀመጡ። ነጋ የጠረጴዛ ጌጥ ይሆናል ብሎ እንዳይበላሽ ወደ ዳር ገፋ አደረገው። ሾርባውን ጠጣ፣ አዘነ፣ ወጣ። ጠዋት 214። ይሄኛው በጣም ነው ያበሸቀው፤ ጣዕም ሳይኖረው ስኳር የሚጨምር ምግብ እንዴት አንድ አገር ሙሉ ይበላዋል?

ታዲያ ልብ በሉልኝ፤ ነጋ ከነዚህ አገሮች ሁሉ ሲመለስ ቤቱ የሚገባው ተናዶና ሆዱ ባዶ የሆነ ያህል እየተሰማው ነው። ሚስቱ ዘውድነሽ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ማልዳ ስለምትነሣ ቀድማ ትተኛለች። ግን እህል ሳይቀምስ እንዳያድር ብላ ምድጃው ላይ የሆነች ነገር ከድና ትተውለታለች። እሷን ቆሞ ቀማምሶ፣ ደብተሩን ሞልቶ ይተኛል።

ፍርዱን ደግሞ ለራሱ ብቻ አልያዘውም። እሑድ ከቸርች በኋላ ፓርኪንግ ላይ ደብተሩን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቶ ለሰው ያነብባል። ቁጥር ነውና ማን ይከራከረዋል? ከሁሉ የተጎዳው ጓደኛው አክሊሉ ነው። አክሊሉ የኤርፖርት ሻትል ነጂ ነው፤ ዘወትር ሐሙስ ያችን የቬትናም ሾርባ ካልጠጣ ሳምንቱ የማይገፋለት ሰው ነበር። "ሁለት መቶ ዐሥራ አራት?" አለ ዓይኑ ፈጦ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ መኪናው ውስጥ ደረቅ ሳንድዊች ያኝካል።

ያልተዋጠላት ሕይወት ብቻ ናት። ደብተሩን ገለባብጣ ይሄ ሾርባ፣ ላይክ፣ እንደዚህ ሊያደርግ አይችልም አለችው። ሌላ ምን እንደበላም ጠየቀችው። ምንም አላት። እየዋሸ አልነበረም፤ እውነቱን እየተናገረ ነበር፣ እንዳመነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጃንዋሪ 28 ደረሰ። አትላንታ የነበራችሁ ቀኑን አትረሱትም። እኩለ ቀን ላይ በረዶ ጣለ፣ መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም በአንድ ጊዜ ሰውን ለቀቀ፣ ከተማው በሙሉ መንገድ ላይ ቆመ። ነጋም ትራኩን ዱሉዝ አቁሞ በገዛ ኮሮላው ወደ ቤት ተነሣ። ዐሥራ ስምንት ጎማ የሚነዳ ሰው በአራት ጎማ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ተንሸራቶ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ወጣ። እንደ ምንም አውርዶ አጠገቡ ያገኘው የሱቆች ግቢ ውስጥ ፓርክ አደረገ። ቀና ሲል መብራት የበራበት አንድ ቤት ብቻ አየ። ያ የፈረደበት የቬትናም ቤት ነው።

አንገቱን ደፍቶ ገባ። ባለቤቲቱ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ አስታወሱት። ሾርባውን አቀረቡ፣ የቅጠሉን ሳህንም። ነጋ እንደ ልማዱ ሳህኑን ወደ ዳር ሲገፋ እንዳዩ ምንም ሳይናገሩ መጡና ቅጠሉን በእጃቸው እየቀነጠሱ፣ ቡቃያውን ጨምረው፣ ሎሚውን ጨምቀው፣ ቃሪያውን ጣል አድርገው ሳህኑን አዙረው ሰጡት። ሽታው ሲመጣ ነጋ ደነገጠ። በሶብላ ነው፤ የእኛው በሶብላ የቅርብ ዘመድ። ለካ ያን ጊዜ ምግቡን ግማሹን ገፍቶ ነበር የፈረደው። ቀስ ብሎ በላ፤ የሚቸኩልበት ቦታ የለ። ቅጠሉን አስጨመረ፣ መረቁን አስጨመረ፣ ጠገበ። መንገድ ከተዘጋባቸው ሌሎች ሰዎች ጋር አግዳሚው ላይ ጃኬቱን ለብሶ አደረ።

ጠዋት ከኮሮላው የስኳር መለኪያውን አምጥቶ ጣቱን ወጋ። 126።

ብርዱ መሣሪያውን አበላሽቶት ይሆናል ብሎ እጁን አሙቆ ደገመው። 124። ወዲያው ዘውድነሽ ደወለች።

"ደህና አደርክ? ለመሆኑ እህል ቀምሰሃል?"

"ሾርባ በልቻለሁ።"

"ሾርባማ ሾርባ ነው። ያስቀመጥኩልህ ፍርፍር እንደተከደነ አደረ እኮ።"

ነጋ ደብተሩን ከኪሱ አወጣና ገጹን ገለጠ።

"ዘውድነሽ፣ ያን የቬትናም ለት ያስቀመጥሽልኝ ምን ነበር?"

"የቱ ቬትናም?"

"ያለፈው ሳምንት ሐሙስ።"

"የጥብስ ፍርፍር። ድስቱን አብሰኸው ነው የተኛኸው።"

"የኮሪያ ለትስ? ከሱ በፊት ባለው ሳምንት ማክሰኞ?"

"ሽሮ በእንጀራ። አንተ ሰውዬ፣ ብርዱ ራስህ ገባ እንዴ?"

"ሜክሲኮስ? ሰኞ?"

"ሜክሲኮን ተወውና ሰኞ ከሆነ፣ የእሑዱ ዶሮ ከሦስት እንጀራ ጋር ነበር። ጠዋት ሳህኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ።" እዚህ ላይ ገባት። "ታዲያ ስኳሩን ያወጣሁብህ እኔ ነኛ?"

"አንቺ ከድነሽ አስቀመጥሽ እንጂ አፌ ውስጥ አልከተትሽም፤ ማታ እንጀራ መከልከሌንም አልነገርኩሽ" አላት። "በደብተሩ ላይ አገሩን ሁሉ ከስሼ የራሴን ቤት ሳልጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ።"

ሕይወት ይህን ስትሰማ ወንበሯ ላይ እስክትታጠፍ ሳቀች። "ጋሽ ነጋ፣ በየቀኑ ሁለት እራት ነበር የምትበላው?"

"አንዱ እራት አልነበረም" አላት ነጋ፣ ፈጽሞ ሳይስቅ። "ቤት መግባት ነበር።"

ከዚያ ወዲህ እራት አንድ ሆነ። እንጀራው በልክ ወደ ምሳ ዞረ። ዘውድነሽም ምድጃው ላይ መክደኗን ትታ ቅዳሜ ቅዳሜ አብራው መውጣት ጀመረች። በቡፎርድ ሃይዌይ ስንት ዓመት አልፋ አንድም ቀን ያልገባች ሴት፣ አሁን ሚጥሚጣዋን በቦርሳዋ ይዛ ከአገር አገር ትሄዳለች። የኮሪያን ትንንሽ ሳህኖች እንኳ ለእንግዳ እንዲህ ነው የሚቀርበው ብላ አመስግናለች። እራት ከበሉ በኋላ ባልና ሚስት ሱቆቹን እየዞሩ ይራመዳሉ።

ነጋ ግን ፍርዱን ቶሎ አልሰረዘም። በቁጥር ከስሻለሁ፣ በቁጥር ነው ነጻ የማወጣው፤ የኤፕሪሉ ወረቀት ሳይመጣ ለማንም አልናገርም አለ። ወረቀቱ ይኸው ትናንት መጣ፤ ያልኳችሁ ነው። ዶክተሩ የአንድ ዓመት ካርድ ፈርሞ ሰጠው፤ ኢንሱሊን የሚባል ነገር አልተነሣም። ነጋ ካርዱን መሪ እንደያዘ ሰው በሁለት እጁ ይዞ ወጣ።

ማታ ደብተሩን አወጣና ቬትናምን፣ ኮሪያን፣ ሜክሲኮን አንድ በአንድ ሰረዘ፤ ባቄላው ብቻ በማስጠንቀቂያ ታለፈ። አሜሪካ ላይ ብዕሩ ቆመ። እንደ ቬትናም ቅጠሉና ሎሚው ቢጨመርባት ትማር ይሆን ብሎ ዘውድነሽን አማከራት፤ ግሪትስ ላይ? አለችው። ተወው፤ ሻዩንም አልማረውም። በመጨረሻው ገጽ ዐሥራ አራት ዓመት የሚያውቀውን መንገድ እንደ አዲስ እንደሚነዳ ሰው ተጠንቅቆ ጻፈ፦ "ኢትዮጵያ። ከሁሉ ትጣፍጣለች። ከሌላ እራት በኋላ ስትመጣ ግን ስሟን የምትደብቅ እሷ ናት።"

ሌላም ብዙ የምነግራችሁ ነበረኝ፤ ዘውድነሽ የኮሪያዎቹን ጎመን በምን እንደለወጠችው ብትሰሙ። ግን ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሰዓቱም ለምሳ እየተቃረበ ነው፣ አክሊሉም እስካሁን አልሰማም። ያን ደረቅ ሳንድዊች ከመጠቅለያው ሳያወጣ ልድረስበት።