ወለም ያላለው እግሬ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለእናቴም፣ በየሳምንቱ አብረውኝ ለሚጸልዩት እህቶችም አልተናገርኩም። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ በቀጥታ ለጌታ ነው የምንናዘዘው። ለጌታማ ስንቴ ነግሬዋለሁ! ጉልበቴ እስኪዝል ነግሬዋለሁ። ግን የበደልኩት እሷን ሆኖ ሳለ፣ እሷን ዘልዬ ከጌታ ጋር መታረቅ ምን የሚሉት ብልጠት ነው? ስለዚህ ዛሬ እናንተ ስሙኝ። አትዘኑልኝ፤ ስሙኝ ብቻ።

እሷ ያልኳችሁ መዲና ናት። ደሴ ኮሌጅ ስንማር ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖረናል። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ እሷ ከቢስቲማ ወዲያ የወረባቦ ገበሬ ልጅ ናት። እሷ ስትሰግድ እኔ ሬዲዮ እቀንሳለሁ፤ እኔ ጮኼ ስጸልይ እሷ “ቀስ በይ ሊዱዬ፣ ጌታሽ ይሰማል፤ የማትታገሠን አከራያችን ናት” ትለኛለች። ወላሂ፣ ይኸው የሷ መሐላ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም፣ እንደዚያ የሳቅኩበት ዘመን የለኝም።

መዲና አንድ ቁስል ነበራት። አባቷ ሼህ እንድሪስ አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ ሊድሯት ሲሉ እምቢ ብላ ደሴ አጎቷ ዘንድ መጣች። እሳቸውም “አፉ አልልሽም” ብለው ቀሩ። አፉ ማለት በወሎ እንዲሁ ይቅርታ ብቻ አይደለም። ሰው ሳይሞት አፉ መባባል አለበት፤ ወላጁ አፉ ያላለው ልጅ ያገኘው ነገር ሁሉ አይበረክትለትም ይባላል። መዲና ይህን ታምን ነበር። ፈተና ባለፈች ቁጥር ደስታዋ ግማሽ ነበር።

ትምህርት ጨርሰን ዕቃችንን ስንሸክፍ፣ አንድ ዐርብ ቀን ወንድሟ ደወለ። አባቷ ታመዋል፤ ያን ያህል የሚያሰጋ አይደለም፣ ግን ልባቸው ራርቷል። “ልጄ ትምጣ፣ አፉ እንባባል” ብለዋል። መዲና ዘለለች፣ አለቀሰች፣ እኔን አቅፋ አሽከረከረችኝ። ያኔውኑ ልትሄድ ነበር። ለመንኳት። ከኮምቦልቻ በላይ፣ የጎፍ ጫካ ውስጥ ያለውን ፏፏቴ አብረን ልናይ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ቃል ተገባብተን ነበር። “ዛሬ እኛ ቤት እናድራለን፣ ነገ በጠዋት ወጥተን በምሳ ሰዓት እንወርዳለን፣ ከዚያ መኪናሽን ትይዣለሽ” አልኳት። እሺ አለች። ለኔ ስትል እሺ አለች።

ያን ጠዋት እንዴት ልርሳው! ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ጽዱና ወይራው ይንጠባጠባል፤ ግንዱ ሁሉ እንደ ሽማግሌ ጢም አብቅሏል። ጉሬዛዎች ከላያችን ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ አላስኬድ ሲለን ጫማችንን በእጃችን ያዝን። መዲና ከፊት ከፊት እንጆሪ እየለቀመች፣ ግማሹን ትበላለች፣ ግማሹን ዞር ሳትል ወደኋላ ታቀብለኛለች። ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ስንደርስ ከነልብሳችን ገባን። አቤት ብርዱ! ጮኽን፣ ተንጫጫን፣ ዳቦአችን ረጠበብን፤ የረጠበውን በላነው። ከዚያ ወዲህ ባሌ ሐዋሳም ባሕር ዳርም ወስዶኛል። እንደዚያ ውሃ ደስ ያለኝ የለም።

መዲና ፀሐይዋን አየችና “እንውረድ” አለች። ቁልቁለቱን ስንይዝ የምታወራው ስለ አባቷ ብቻ ሆነ፤ ምን እንደምትላቸው፣ ጉልበታቸውን እንዴት እንደምትስም። እኔ ከኋላ ነኝ። እኔ ወደሌለሁበት ኑሮ እየሮጠች ነው፣ ደስ ብሏት። ቀናሁ። በሰው አባት ቀናሁ! በታመመ ሽማግሌ ቀናሁ! አንድ ቀን ብቻ ብትጨምርልኝ አልኩ፤ ነገም ቀን ነው አልኩ። የዛፍ ሥር መንገዱን ያቋረጠበት ቦታ ስንደርስ ሆን ብዬ ወደቅኩና “ወይኔ እግሬን!” ብዬ ጮህኩ።

እግሬ ምንም አልሆነም። ይኸው፣ ተናገርኩት። እግሬ ምንም አልሆነም ነበር።

“አብሽሪ፣ አብሽሪ” እያለች ሻርፗን አውልቃ አሰረችልኝ። ደገፈችኝ፤ ቁልቁለቱ ሲብስ አዘለችኝ። ከኔ ትቀጥናለች እኮ! ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ጀርባዋ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ከጫካው ጫፍ ያሉት ቤቶች ጋ ስንደርስ “አንቺ ሂጂ፣ መኪናው ያመልጥሻል፣ እኔን ሰው ያወርደኛል” ማለት እችል ነበር። አላልኩም። እሷ ወጌሻ አስጠራች። ወጌሻው እርሻ ላይ ናቸው ተባለ፤ እስኪመጡ ጠበቅን። መጡና ቅቤ ቀብተው፣ ደህናውን እግሬን አገላብጠው ዳበሱና፣ ጉድ እኮ ነው፣ “ወልቋል!” አሉ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ሲጎትቱት ግን የእውነቴን ጮህኩ፤ መዲናም እጄን ይዛ “ያ ረቢ፣ የሷን ለኔ አድርገው” እያለች አብራኝ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ምን አፍ አለኝ?

ኮምቦልቻ ስንገባ የቢስቲማ መኪና ከደሴ የሚነሳበት ሰዓት አልፏል። እኛው ቤት አደረች። እናቴ ለሷ ስትል ሽሮ ሠራች፣ ሁላችንም ሽሮ በላን። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም መናገር አለብኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

እሁድ በማለዳ ሄደች። መኪናው ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ወንድሟ ደወለላት። ሼህ እንድሪስ የንጋት አዛን ሲባል አርፈዋል። እስላም ቀብር አያዘገይም፤ እሷ ስትደርስ ወንዶቹ ከቀብር እየተመለሱ ነበር። አክስቷ እንደነገረቻት፣ አባቷ ቅዳሜ ምሽቱን ሙሉ “መኪናው ገባ? መጣች?” ሲሉ ነበር። ጎረቤቱ “አፉ ብለውሻል፣ አብሽሪ” አላት። መዲና ግን ሰው ለማጽናናት ምን እንደሚል ታውቃለች። ከሳቸው አፍ አልሰማችም፤ መቼም አትሰማም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። የኛ ተገላቢጦሽ ነው። የተወጋችው ማን እንደወጋት አታውቅም። ዛሬ ኩታበር ታስተምራለች፤ በደወለች ቁጥር “እግርሽስ? ብርድ ሲሆን ያምሻል?” ትለኛለች። ይህስ ይሁን። የሚያቃጥለኝ ሌላው ነው። “ዐርብ ዕለት መሄድ ነበረብኝ፤ ፏፏቴ አምሮኝ አባቴን አስቀየምኩ” ትላለች። ይህን ሁሉ ዓመት የኔን ጥፋት እሷ ተሸክማ ስትዞር፣ እኔ “አይዞሽ፣ የአላህ ፈቃድ ነው” እያልኩ አጽናናኋት። በሷው ሃይማኖት አጽናናኋት!

ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሲል እንደየዓመቱ ደወለች። ጾም ሳይገባ ሰው ሁሉ አፉ ይባባላል። “ሊዱዬ፣ አውቄም ሆነ ሳላውቅ ያስቀየምኩሽ ካለ አፉ በዪኝ” አለችኝ። እኔም “አፉ ብዬሻለሁ” አልኳት። እኔ! እሷን! ስልኩን ዘግቼ እዚያው ማድ ቤት ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ልጆቼ ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ እግሬን አልኳቸው።

ቅዳሜ ኩታበር እሄዳለሁ። ልጅ ነበርኩ፣ ይሞታሉ ብዬ አላሰብኩም፣ ወድጄሽ ነው ማለት ይቻላል። አልልም። አፉ በዪኝም አልላትም። አፉ የተጠየቀ ሰው እምቢ ለማለት ይከብደዋል፤ መዲናን ደግሞ አውቃታለሁ፣ እያለቀሰች እሺ ትለኛለች። ያንን ከሷ መንጠቅ አልፈልግም። ትቀየመኝ፣ ደጇን ትዝጋብኝ፣ መብቷ ነው። የምላት ይህን ብቻ ነው። መዲና፣ እኔን አፉ አትበዪኝ። ራስሽን ግን አፉ በዪው። አንቺ አባትሽን አላስቀየምሽም፤ እየሄድሽላቸው ነበር። ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ።